ከብስክሌት ማቆሚያው በፊት የሠራተኞችዎን ሰፈርና የመውጫ ሰዓት ይመዝግቡ

እህታችን፣ «እዚህ ጎንደር ማራኪ በተባለው ሰፈር ባለው የንግድ ሕንፃችን የሚሠሩ ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞች በኮንትራት ባጃጅና በግል መኪና ከመምጣት ይልቅ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በጋራ ሰርቪስ እንዲመላለሱ ማበረታታት እንፈልጋለን፤ ከብስክሌት ማቆሚያ እንጀምር ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። መልሴ «በዚያ አይጀምሩ» የሚል ነው። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ሕንፃ ለስድስት ዓመት የአስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ስሠራ በዚሁ ጉዳይ ተፈትኛለሁ። የእርስዎም ሠራተኞች እንደ እኛዎቹ አብዛኞቹ ከአዘዞ መስመር እንደሚመጡ ስለምገምት፣ እኛ የከፈልነውን ዋጋ እንዳይከፍሉ በዝርዝር እጽፋለሁ።

1ኛ. አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚኖርበትን ሰፈር፣ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት ይመዝግቡ። እኛ ይህን አላደረግንም። ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ ብዙ ሰው በብስክሌት ወደ ሥራው ሲሄድ ስላየሁ፣ እንደተመለስኩ አሥራ አራት ብስክሌት እንዲገዛና ከሕንፃው ጀርባ የቆርቆሮ መጠለያ እንዲሠራ ለባለቤቱ ሐሳብ አቀረብኩ። ለዚህም ከ200 ሺህ ብር በላይ ወጣ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚመጣ ሰው ግን ጠዋት ጠዋት የሚገፋው ዳገት ነው። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ብስክሌቷን አስደግፋ፣ ደንበኞች ቆመው እየጠበቋት፣ በነጠላዋ ጫፍ አንገቷን እየጠረገች የቆመችበት ጠዋት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። የምትታጠብበትም ሆነ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል አላዘጋጀንላትም ነበር። በሁለተኛው ወር የሚነዱት አራት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር የቀሩት ብስክሌቶች ጎማቸው ተንፍሶ፣ ሰንሰለታቸው ዝጎ ከመጠለያው ሥር ተደረደሩ። ጥፋቱ የሠራተኞቹ ሳይሆን ሳልጠይቃቸው የወሰንኩት የእኔ ነበር።

2ኛ. መዝገቡን ከያዙ በኋላ የጋራ ሰርቪስ ይከራዩ፤ ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን። እኛ ዘግይተን ስንመዘግብ ከ43 ሠራተኞች 19ኙ በአዘዞ መስመር፣ 11ዱ ደግሞ በእግር ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ እንደሚኖሩ አወቅን። ለ19ኙ አንድ ሚኒባስ በቃል ስምምነት ያዝን። በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሩ የናፍጣ ወረፋ ይዞ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ ሳይመጣ ቀረ፤ ሠራተኞቹ መንገድ ዳር ቆመው ዋሉ፤ ሱቆቹም ሳይከፈቱ አረፈዱ። ስለዚህ ነዳጁን ማን፣ መቼ እንደሚሞላና መኪናው ሲቀር በማን ተሽከርካሪ እንደሚተካ በውሉ ላይ ይስፈር። የመድኑን ጉዳይም ቸል አይበሉት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ አገልግሎት በመደበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው ተሽከርካሪ ሲመላለስ በሠራተኛው ላይ የሚደርስ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ይህን ያወቅሁት ውል ሳይኖረን ሁለት ወር ካመላለስናቸው በኋላ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ወራት አደጋ ስላልደረሰ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

3ኛ. ለሰርቪሱ መቆሚያ ፈቃድ የሚጠይቁ ከሆነ፣ ማመልከቻዎን ሲያስገቡ ቅጂው ላይ ማህተምና የገቢ ቁጥር ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤቱ አይውጡ። እኔ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ለራሳችሁ ሠራተኛ ነው፤ ለሕዝብ አይደለም» አለኝ፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ማመልከቻው ጨርሶ እንዳልገባ ተነገረኝ። በእጄ ምንም ማስረጃ ስላልነበረኝ መከራከር አልቻልኩም። አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ መኪና ሲመጣ መንገዱ የሚቃለለው ለከተማው ሕዝብ ሁሉ ስለሆነ፣ ያ መልስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ መቆሚያውን ያገኘነው በራሳችን ግቢ ነው፤ ለጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ሆኖ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው። ግቢው ለአምስት ኃላፊዎች መኪና በነጻ የተመደበ ነበር። መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው በከተማው መሐል ቦታ በነጻ እየሰጡ በእግሩ ለሚመጣው ምንም አለመስጠት፣ መኪና ይዞ እንዲመጣ መደጎም ማለት ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ፣ የመኪና ማቆሚያ ተከራይተው ለሠራተኛ በነጻ የሚሰጡ የተወሰኑ አሠሪዎች ቦታውን ለማይፈልግ ሠራተኛ ዋጋውን በጥሬ ገንዘብ እንዲያቀርቡለት ያስገድዳል። ይህንኑ ለባለቤቱ አስረድቼ ሁለት ቦታ ለሰርቪሱ አስለቀቅሁ፤ በእግራቸው ለሚመጡት 11 ሠራተኞችም በየወሩ መጠነኛ የጫማና የጃንጥላ አበል አስፈቀድኩ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ለሁለት ወር ያህል ሰላምታ ነፍጎኝ ነበር፤ አሁን ግን እርሱም ከአዘዞ በሰርቪሱ ይመጣል። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

ወጪ የሌለው ሌላው ለውጥ ደግሞ የሰዓት ነው። የአዘዞዎቹን መግቢያ ከጠዋቱ 2፡30 ወደ 3፡00 ስናዛውረው ሚኒባሱ ከተማሪዎች ግፊያ አመለጠ፤ የማርፈድ ነገርም ቀረ።

ሱቅ ዘግተው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚወጡትን ግን መጀመሪያ ረስተናቸው ነበር። ሲመሽ ባጃጅ በእጥፍ ስለሚያስከፍላቸው የጠዋቱ ሰርቪስ ያተረፈላቸውን ማታ ይከፍሉት ነበር። አሁን ለእነርሱ ብቻ አንድ ባጃጅ በወር ሒሳብ ይዘን በየቤታቸው ያደርሳቸዋል። በተለይ ሴቶቹ በሰርቪሱ የተመዘገቡት የማታው ነገር እርግጠኛ ከሆነ በኋላ ነው።

ከአሥራ አራቱ ብስክሌቶች ሦስቱ ዛሬ ለባንክና ለደብዳቤ ጉዳይ ያገለግላሉ፤ የቀሩትን በግማሽ ዋጋ ሸጥናቸው። መመዝገቢያ ቅጹን በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ፤ በእርስዎ ሕንፃ ከመሸ በኋላ የሚወጡት ስንት እንደሆኑ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ።