ለአጋዘን የትኛውን ጥይት ልግዛ?

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ አንድ ወንድም እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አደን ወጥቼ ነበር። ጠመንጃዬ ያገለገለ .308 ነው፤ በእጅ የሚቀባበል። ተኩስ ሜዳ ሄጄ በርካሽ የልምምድ ጥይት በ100 ያርድ አስተካከልኩት፤ ደህና መታልኝ። ወደ ተራራ ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሱቅ ገብቼ የአደን ጥይት ጠየቅኩ። ሻጩ ‹ከበድ ያለው ይሻልሃል› ብሎ ባለ180 ግሬን ሰጠኝ። በማግስቱ አንድ ወንድ አጋዘን በ220 ያርድ ግድም ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። ደረቱ መሃል ላይ አነጣጥሬ ተኮስኩ። ሮጠ። የቆመበት ቦታ ትንሽ ጸጉርና ጥቂት የደም ጠብታ ብቻ አገኘሁ። እስኪመሽ ፈልጌ አጣሁት። ጓደኛዬ ‹308 ለዚህ አገር አይሆንም፣ ሽጥና ማግነም ግዛ› ይለኛል። ልሽጠው? ካልሸጥኩትስ የትኛውን ጥይት ልግዛ? ባለቤቴ ደግሞ ሥጋው ለክትፎ ይሆን እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።»

ወንድሜ፣ አትሽጠው። ጠመንጃህ ምንም አላጠፋም። ጓደኛህ የሚልህን ማግነም (ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ) ብትገዛና ባለፈው ዓመት ያደረግከውን ብትደግም ያንኑ አጋዘን ያንኑ ያህል ትስተዋለህ፤ ልዩነቱ ትከሻህ በልዞ መመለስህ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሆነውን እንይ። ጠመንጃህን ያስተካከልከው በአንድ ጥይት ነው፣ አደን የወጣኸው በሌላ። በሥራ ቤቴ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ «ስኮፔ ተበላሸ» እያለ ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ስኮፑን፣ ያን የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ከማየቴ በፊት ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በምን ጥይት አስተካከልከው? በምን ተኮስክ? አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬ እዚያ ላይ ያልቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልምምድ ጥይትህ አረር ብዙውን ጊዜ 147 ወይም 150 ግሬን (የክብደት መለኪያ ነው) ይሆናል። ከበርሜሉ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2,800 ጫማ አካባቢ ነው። ባለ180ው ግን በ2,600 ግድም ነው የሚወጣው። ከባዱ ይዘገያል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይመታል። አንዳንዱ በርሜል ደግሞ ወደ ጎንም ይወስደዋል። በ100 ያርድ ሁለት ኢንች ብቻ ዝቅ ቢል እንኳ በ220 ያርድ ከአራት ኢንች በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ በ100 ያርድ የተስተካከለ ባለ180 እስከ 220 ያርድ ድረስ በራሱ ከስድስት ኢንች በላይ ይወርዳል። ደምረው። ደረቱ መሃል ያነጣጠርከው አረር ከደረቱ ሥር ጸጉር ላጭቶ አልፏል ማለት ነው። ያገኘኸው ጸጉርና ጠብታ ደም የሚነግርህም ይህንኑ ይመስለኛል። ያ አጋዘን በሕይወት ሳይኖር አይቀርም።

አሁን ወደ ጥይት መምረጡ እንምጣ። ቃላቱን እናጥራ፤ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ጥይት ስንል ሙሉውን ነው፤ ቀለሃው፣ ባሩዱና ከፊት ያለው አረር። ሳጥኑ ላይ 150፣ 165፣ 180 ተብሎ የተጻፈው ግሬን የአረሩ ክብደት ነው። ባሩዱን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። 150 ግሬን ወደ 9.7 ግራም ነው። .308 የሚለው ደግሞ የአረሩ ውፍረት በኢንች ነው።

አጋዘኑን የሚጥለው አረሩ ነው፤ ከክብደቱም ይበልጥ አሠራሩ። የልምምድ ጥይትህ አረር ዙሪያውን በብረት የተሸፈነ ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ ወስፌ ወግቶ ያልፋል፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው። አጋዘኑ ሳንባው ተወግቶም ቢሆን ሩቅ ይሮጣል፣ ደምም ብዙ አያፈስም፣ አንተ ታጣዋለህ፣ እሱ ጫካ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ኮሎራዶ ይህን ዓይነቱን ለአጋዘን ትከለክላለች። ሕጉ የሚፈልገው ሲመታ የሚከፈት አረር ነው፤ ውፍረቱ ከ.24 ያላነሰ፣ ክብደቱ ከ70 ግሬን ያላነሰ፣ በ100 ያርድ ላይ ከ1,000 ጫማ-ፓውንድ ያላነሰ ጉልበት ያለው። ያንተ .308 በባለ150 ግሬን በ100 ያርድ ወደ 2,100 ይደርሳል። እጥፍ ነው። «308 አይሆንም» ላለህ ሰው ይህን ቁጥር አሳየው።

የአደን አረር አፉ ላይ እርሳሱ ገለጥ ያለ ነው፣ ወይም ትንሽ ፕላስቲክ ጫፍ አለው። ሲመታ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል፣ ውፍረቱም እጥፍ ገደማ ይሆናል። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ከሥጋ የወጡ አረሮች አስቀምጫለሁ፤ ደንበኛ ሲከራከረኝ እነሱን ነው የማሳየው።

የሚከፈተውም ቢሆን ዓይነቱ ይለያያል። ተራው ለስላሳ አፍ፣ ለምሳሌ የሬሚንግተን ኮር-ሎክት ወይም የዊንቸስተር ፓወር-ፖይንት፣ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። ኮር-ሎክት ገበያ ላይ ከዋለ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁንም አጋዘን ይጥላል። ፕላስቲክ ጫፍ ያለው ቶሎ ይከፈታል፣ ለሩቅም ጥሩ ነው። ነገር ግን በ50 ያርድ የትከሻ አጥንት ላይ ካረፈ ሁለቱን ትከሻ ደም የቋጠረ ሥጋ ያደርግብሃል። እርሳሱና ሽፋኑ የተጣበቁበት፣ እንደ ፌዴራል ፊውዥን ያለው፣ አይበታተንም፤ ለኔ ሚዛኑን የጠበቀው እሱ ነው። «ማች» ተብሎ የተጻፈበትን ደግሞ ለወረቀት ተወው። ወረቀት ላይ ልብ ይሰርቃል፣ እንስሳ ላይ ግን አንዴ እንደ ወስፌ ያልፋል፣ አንዴ ይፈነዳል።

ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራም አለ፤ ባርንስ በዚህ የታወቀ ነው። እርሳስ የለውም፣ ክብደቱን ሳያጣ ጠልቆ ይገባል። ግን ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ መዳብ ስትገዛ አንድ ደረጃ ቀለል አድርገህ ግዛ፤ በ165 ፋንታ 150 ወይም 130። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ምርጫም የላችሁም፤ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ እዚያ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ያላችሁ ደግሞ ጭራሽ .308 ይዛችሁ አትውጡ። እዚያ ለአጋዘን የሚፈቀደው ጠመንጃ ቀለሃው ቀጥ ያለ፣ አንገት የሌለው ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የዓመቱን የግዛታችሁን የአደን መመሪያ አንብቡ፤ በነጻ ነው።

ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር፦ «የክላሽ ጥይትስ?» ናፍቆት ነው መሰለኝ። 7.62 በ39ኙ በባለ123 ግሬን ለስላሳ አፍ ኮሎራዶ ውስጥ ሕጉን ያሟላል፣ ግን ለጥቂት ነው። ከ150 ያርድ በላይ አልመክርም። ደግሞ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ለአደን ሲወጣ ካዝናውና ጉሮሮው አንድ ላይ ከ6 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። አንተ ግን .308 እያለህ ስለሱ ምን አሳሰበህ?

ያንተ መልስ እንግዲህ ይኸው። ባለ150 ወይም ባለ165 ግሬን፣ የሚከፈት አረር። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት አንድ አንድ ሳጥን ግዛ። እያንዳንዱ በርሜል የሚወደው ጥይት አለው፤ የትኛውን እንደሚወድ ሳይተኩሱ ማወቅ አይቻልም። ጎረቤትህ ጋ አንድ ኢንች ውስጥ ሦስት የሚያስገባው ጥይት ያንተ ጋ አራት ኢንች ሊበትን ይችላል። ከድጋፍ ላይ ሆነህ ሦስት ሦስት ተኩስ። በየመሃሉ በርሜሉ ይቀዝቅዝ፤ ቡና ጠጣ፣ አትቸኩል። ቀዳዳዎቹን ከሁሉ ያቀራረበውን ምረጥና የዚያን ሌላ ሦስት አራት ሳጥን ግዛ። ሳጥኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ከዚያ ስኮፑን በዚያው ጥይት አስተካክል። በ100 ያርድ ሁለት ኢንች ከፍ ብሎ እንዲመታ አድርገው። ብዙዎቹ ስኮፖች አንድ ጠቅታ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ነው፤ ስምንት ጠቅታ ማለት ነው። እንዲህ ካደረግክ በ200 ያርድ ልክ ያነጣጠርክበት ላይ ያርፋል። በ300 ወደ ዘጠኝ ኢንች ይወርዳል። ይህ የወረቀት ሒሳብ ስለሆነ 200 ያርድ ያለው ሜዳ ፈልገህ በዓይንህ እየው። ኦሮራ ሞቅ ባለው ኦገስት አስተካክለህ በረዶ ላይ ልትተኩስ ስለሆነ፣ ከመውጣትህ በፊት ባለው ሳምንት ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ አንድ ጊዜ ደግመህ ተኩስ። በርሜሉ ሳይሞቅ የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥይት የት እንዳረፈች በደንብ ያዝ። አጋዘኑ ላይ የምትተኩሰው እሷን ነው።

ሌላው ሥራ ያንተ ነው። ለማኅበር የምንገዛውን የወረቀት ሳህን ታውቀዋለህ? ዘጠኝ ኢንች ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ሳህኑን ስቀልና ከጠረጴዛ ተነሥተህ፣ ተቀምጠህ፣ ተንበርክከህ፣ ዛፍ ተደግፈህ ተኩስ። ከአምስት አምስቱን ሳህኑ ላይ ማሳረፍ የምትችልበት ርቀት ያንተ ወሰን ነው። 150 ያርድ ከሆነ 150 ነው። አጋዘኑ 220 ላይ ከቆመ ቀርበህ ተኩስ ወይም ተወው። ለዚህ ልምምድ ርካሹን ጥይት ተጠቀም፤ ለዚህ ነው የተሠራው። ግን እሱ የሚመታበት ቦታ ከአደኑ ጥይት ስለሚለይ ሳህኑን ስቶ ሲሄድ ስኮፑን እንዳትነካ! አንዳንድ ተኩስ ሜዳ ደግሞ ማግኔት የሚስበውን ጥይት አያስገባም፤ ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

ማግነሙን በተመለከተ፣ .300 ዊንቸስተር ማግነም ርግጫው ከ.308 አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ጀማሪ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ከተራገጠው በኋላ ገና ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰብቃል። ያን ልማድ ለማስወጣት ዓመታት የፈጀብኝ ደንበኛ አለኝ። ባለቤትህም አብራህ መውጣት ካማራት .243 በባለ100 ግሬን አስብላት፤ ርግጫው ቀላል ነው፣ ሕጉንም ያሟላል። አደራ፣ .243ም ሆነ 7ሚሜ-08 የተወለዱት ከ.308 ቀለሃ ነው፤ በመልክ ይመሳሰላሉ። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውና የቀለሃው ቂጥ ላይ የተጻፈው አንድ መሆኑን ሳታይ አታጉርስ። አንድ ቦርሳ ውስጥም አታቀላቅል።

የተረፉህን ባለ180ዎች አትጣላቸው። በርሜልህ ከወደዳቸው አንድ ቀን የኤልክ (ከአጋዘኑ በጣም የሚተልቀው ዘመዱ) ፈቃድ ሲደርስህ፣ ስኮፑን እንደገና በነሱ አስተካክለህ፣ ያገለግሉሃል።

ለባለቤትህ ደግሞ እንዲህ በላት። በመጀመሪያ፣ እኛ አገር አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘው ከዚህኛው ጋር የቅርብ ዘመድ አይደለም። የዚህ አገሩ ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ ነው፣ በየዓመቱም ይረግፋል። ሥጋው ግን ይመሳሰላል፤ ቀይ ነው፣ ጮማ የለውም። ክትፎ ያስመኛል፣ አውቃለሁ። ጥሬውን ግን በፍጹም። የዱር ሥጋ ጥገኛ ተውሳክና ባክቴሪያ ይኖረዋል። እርሳስ አረር ደግሞ ሲከፈት በዓይን የማይታይ ፍርፋሪ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጠህ ጣል፤ ልጆች ካሉህ የመዳቡን ጥይት አስብበት። ኮሎራዶ ውስጥ በአጋዘን ላይ የሚታይ የአንጎል በሽታም አለ፤ ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጭንቅላቱን ተቀብሎ ይመረምራል። ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አቆየው፤ በሽታው ከተገኘበት አትብሉት።

ነጻ ከሆነ ጥብሱን በሽንኩርትና በሮዝመሪ፣ ቅቤውን አብዝታ፣ በደንብ ታብስለው። የጥይት አደኑ ወቅት በአብዛኛው ኦክቶበር መጨረሻና ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ስለሚውል፣ ጾመ ነቢያት ኖቬምበር መጨረሻ ላይ እስኪገባ ጥቂት ሳምንት አላችሁ። የቀረውን ዘልዝላችሁ ቋንጣ አድርጉት፤ የዴንቨር ደረቅ አየር ለቋንጣ የተፈጠረ ነው። ፍርፍሩ ላይ ሲገባ ግን አንድ ጊዜ ደህና አድርጎ ይንተክተክ።