አንድ ቀን ቢቀር ምን አለበት? ለወጣት ወላጆች

ውድ ወጣት ወላጆች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ በመምህርነት፣ ኋላም በርዕሰ መምህርነት። የመጀመሪያ ልጃችሁን አንደኛ ክፍል ለምታስገቡ ወይም ገና ላስገባችሁ፣ ስለ መቅረት፣ ስለ ማርፈድና ስለ ሥነ ምግባር የማምንበትን ልንገራችሁ።

የሰባት ዓመት ልጅ በራሱ ፈቃድ ከትምህርት ቤት አይቀርም። ቤት ውስጥ ማልዶ መነሳት ያለበት ትልቅ ሰው ነው። የቤተሰቡን ጉዞ በትምህርት ቀን፣ ሐሙስ ላይ የሚያደርገውም ትልቅ ሰው ነው። «ዛሬ ደክሞታል፣ ይተኛ» የሚለውም እንደዚያው። ይህን የምላችሁ ለወቀሳ አይደለም፤ ነገሩ በእጃችሁ እንዳለ እንድታውቁት ነው። ልጁ ከፍ ሲል፣ ትምህርት ሲጠላና መቅረት ሲለምድ ግን ከእጃችሁ ይወጣል።

ሁለት ሳምንት በተከታታይ ታሞ የሚቀር ልጅ ብዙም አያሳስበኝም። መምህሩ ያውቀዋል፣ ጓደኞቹ ይጠይቁታል፣ ሲመለስም ያለፈውን ያካክሱለታል። የሚያሳስበኝ እየተቆራረጠ የሚቀረው ነው። አንድ ሰኞ። ከዚያ አንድ ዓርብ። ከዚያ ደግሞ ከበዓል በፊት ያለችው ቀን። ማንም ልብ አይለውም። በብዙ አገሮች ከትምህርት ቀናቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ አሳሳቢ ደረጃ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። 10 በመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል። እስቲ አስሉት፦ 180 የትምህርት ቀን ባለው ዓመት 18 ቀን ነው። በወር 2 ቀን ማለት ነው። 2 ቀን ደግሞ ሳይታወቅ ነው የሚሄደው።

ልጁ ምን ያመልጠዋል? ለምሳሌ ሒሳብን እንይ። መምህሯ በመቀነስ ላይ መበደርን ያስተማረችው እሱ በቀረበት ማክሰኞ ነው እንበል። ረቡዕ ይመጣል። ሌሎቹ እየበደሩ ይቀንሳሉ፣ እሱ ያፈጣል። ትልቅ ሰው ቢሆን «ትናንት አልነበርኩም፣ ይህ አምልጦኛል» ይላል። ልጅ ግን እንዲህ አያስብም። «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል። ይህችን ድምዳሜ ይዞ አራተኛና አምስተኛ ክፍል የሚደርስ ልጅ ብዙ ነው። ያኔ ደግሞ ችግሩ ከአንድ ማክሰኞ መጀመሩን የሚያስታውስ የለም። ንባብም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጁ ማንበብ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ እያነበበ የሚማረው ነው።

ማርፈድን ብዙ ሰው ከምንም አይቆጥረውም። በየቀኑ 10 ደቂቃ የሚያረፍድ ልጅ በ180 ቀን 30 ሰዓት ያጣል። በቀን 6 ሰዓት ለሚማር ልጅ ይህ 5 ሙሉ ቀን ነው። ደግሞም የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች መምህሩ የትናንቱን የሚከልስባቸውና የዛሬውን የሚያስተዋውቅባቸው ናቸው። አርፋጁ በሩን ከፍቶ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። አንዳንዱ ልጅ በዚያ ያፍርና ቀኑን ሙሉ ዝም ይላል። አንዳንዱ ደግሞ እፍረቱን ለመሸፈን ያስቃል፣ ይረብሻል። የሥነ ምግባር ችግር ተብሎ ወደ ቢሮዬ ይላክ ከነበረው ውስጥ ጥቂት የማይባለው መነሻው ማርፈድ ነበር።

ታሞ ከሆነ ይቅር። ትኩሳት ያለበት ልጅ መድኃኒት ሳይወስድ ትኩሳቱ ከለቀቀው 24 ሰዓት እስኪሞላው ቤት ይቆይ። ተቅማጥና ትውከት ያለበትም ሳይሻለው አይምጣ። ትኩሳት የሌለው ቀላል ጉንፋን ግን ከትምህርት አያስቀርም። «ዓመቱን ሙሉ ሳይቀር የመጣ» ተብሎ የሚሰጥ ሽልማትን አልወደውም። የታመመ ልጅ እያተኮሰው እንዲመጣ ያደርጋል፤ ወላጁ ያስቀረውን ልጅ ደግሞ ባላጠፋው ያሳፍራል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ሆዱን የሚያመው፣ ቅዳሜ ግን ደህና የሚሆን ልጅ አለ። «ውሸቱን ነው» አትበሉ። ፍርሃትና ጭንቀት ሆድን በእውነት ያማል። «ማን መታህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ማንም» ይላችኋል። ይልቅስ «እረፍት ላይ ከማን ጋር ትጫወታለህ? መጸዳጃ ቤት ስትሄድ እነማን አሉ? አጠገብህ የሚቀመጠው ማነው?» በሉት። ነገሩ በዚያ በኩል ይወጣል። በፍርሃቱ ምክንያት ቤት ማስቀረት ለዛሬ ያቀልለታል፣ ነገን ግን ያከብድበታል። የዚያኑ ቀን የክፍሉን መምህር አግኙ፤ ጉዳዩን ሳትፈቱ እንዳታድሩ። ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ወይም የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይየው።

ሥነ ምግባርን በተመለከተ ከልጆች የምንጠብቀው ጥቂት ነገር ነው። በሰዓቱ መምጣት፣ ሌላው ሲናገር ማዳመጥ፣ ተራ መጠበቅ፣ እጅን ከሰው ላይ መሰብሰብ፣ ያጠፉትን ሳይደብቁ መናገር። ይህን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ልጅ የሚማረው ግን በልምምድ ነው። «አርፈህ ተቀመጥ» ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «እጅህን አውጣ፣ ስትጠራ ተናገር» ይነግረዋል። ቤት ውስጥም በማዕድና በጨዋታ ጊዜ ተራ መጠበቅን ካልተለማመደ፣ ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል በአንድ ጊዜ አይመጣለትም።

የሚረብሽን ልጅ ከመቅጣታችሁ በፊት ዓይኑን፣ ጆሮውንና እንቅልፉን አስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ «ምን ይላል?» እያለ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ወሬኛ ይባላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ስልክ ላይ አምሽቶ የመጣ ልጅ ቢነጫነጭ ጸባዩ አይደለም።

ዱላን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ አስቀምጧቸዋል፦ መንግሥታት ልጆች አዘውትረው ትምህርት ቤት እንዲገኙ ያበረታቱ፣ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓትም የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ ይሁን ይላል። አብረው መቀመጣቸው ትክክል ነው፤ የሚዋረድበት ቦታ በደስታ የሚመጣ ልጅ የለም። ቤት ውስጥ በተመታ ቁጥር ደግሞ «ወላጅ ይምጣ» የሚለውን ወረቀት መደበቅ ይለምዳል። ያን ጊዜ እኛም እናንተም ምንም አናውቅም።

መምህሩ ላይ ቅሬታ ካላችሁ ለመምህሩ ተናገሩ፣ ካልሆነም ለርዕሰ መምህሩ። ልጁ ፊት ግን መምህሩን አታጣጥሉ። እናንተ የናቃችሁትን ሰው እሱ ጠዋት ሄዶ አይሰማውም።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ። እናንተ ብትታመሙ ልጁን የሚያደርስ አንድ ሰው ከወዲሁ አነጋግሩ። ከዚያ የክፍሉን መምህር አግኙና ልጃችሁ እስካሁን ስንት ቀን እንደቀረና ስንት ቀን እንዳረፈደ ጠይቁ። «ደህና ነው» ቢላችሁ አትመለሱ። የስም መጥሪያውን አብራችሁ እዩት፤ ቀሪ የሆነባቸውን ቀኖችም ከነምክንያታቸው በደብተር ጻፏቸው።