ገንዘቡ እጄ ሳይገባ ቢል መጣብኝ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አየሁት። እንቅልፍ እያዳፋኝም ቢሆን ሳልመልስ መተኛት አልቻልኩም፤ እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ለንደን በዚሁ ጉዳይ ደሜ ፈልቷል። ኋላ ለሚያነቡ ሰዎች ጥያቄሽን ላሳጥረው። ፌስቡክ ላይ «ከፍተኛ ወለድ ያለው ብድር ወስደዋል? እናስመልስልዎ» የሚል ማስታወቂያ አየሽ፣ ስምሽንና አድራሻሽን ሞላሽ፣ ስልኩ ላይ በጣትሽ ፈረምሽ፣ ረሳሽው። ከወራት በኋላ አበዳሪው 1,200 ፓውንድ ካሳ ፈቀደ። ግን ያልጨረስሽው ዕዳ ስለነበረ ከዚያ ላይ ቀነሰው እንጂ አንድ ሳንቲም አልሰጠሽም። አሁን ካሳ አስመላሹ ድርጅት 432 ፓውንድ ክፈይ ይልሻል፤ ካልከፈልሽ ለዕዳ ሰብሳቢ እንሰጣለን ብሏል። «ይሄ ሕጋዊ ነው? ዝም ብላቸው ይተዉኛል?» ነው ያልሽው።

ከኋለኛው ልጀምር። ዝም አትበያቸው። ከላይ አንዳንዶች «ተያት፣ ምንም አያመጡም» ብለው መልሰውልሻል፤ ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምክሩ አደገኛ ነው። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሁና አንድ ነብር ፈጃት ነው ነገሩ። ዝም ስትይ ዕዳውን የተቀበልሽ ይመስላል፤ ወረቀቱ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ፣ ከዚያም ካውንቲ ኮርት ሊሄድ ይችላል። ፍርድ ቤት አንቺ በሌለሽበት ከፈረደብሽ ሲሲጄ የሚሉት፣ የፍርድ ቤት የዕዳ ውሳኔ ማለት ነው፣ የብድር ታሪክሽ (ክሬዲትሽ) ላይ ስድስት ዓመት ይቀመጣል። ስልክ በኮንትራት ልውሰድ ስትይ፣ ቤት ልከራይ ስትይ፣ ያ ነገር ብቅ ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ተደናግጠሽ ዛሬውኑ አትክፈይ። ፖሊስ አይመጣም፤ የሚያሳስርም ነገር አይደለም፤ የሁለት ወገን የገንዘብ ክርክር ነው።

አሁን ሕጋዊ ነው ወይ ላልሽው። እነዚህ ድርጅቶች ድሮ የፒፒአይ (ባንኮች ከብድር ጋር ያለአግባብ የሸጡት የብድር መድን) ካሳ በነበረ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሲደውሉ የነበሩት ዓይነት ናቸው። ያኔ የሚቆጣጠራቸው በፍትሕ ሚኒስቴሩ ሥር የነበረ ክፍል ነበር። ከኤፕሪል 1፣ 2019 ጀምሮ የገንዘብ ድርጅቶችን ወደሚቆጣጠረው ወደ ኤፍሲኤ ተዛውረዋል። የፒፒአይ በር በዚያው ዓመት ኦገስት 29 ሲዘጋ ፊታቸውን ወደ ብድር፣ ወደ ጡረታ፣ አሁን ደግሞ ወደ መኪና ፋይናንስ አዞሩ። ሥራው በራሱ ሕጋዊ ነው። «ሌቦች ናቸው» ብለሽ ብቻ ብትጽፊላቸው የትም አያደርስሽም።

ኤፍሲኤ ግን ጣሪያ አውጥቶላቸዋል። ከማርች 1፣ 2022 ወዲህ በተፈረመ ውል፣ ካሳው ከ1,500 ፓውንድ በታች ከሆነ ከ30 በመቶ በላይ መውሰድ አይችሉም፤ እሱም ቢሆን ከ420 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ከ1,500 እስከ 9,999 ከሆነ 28 በመቶ፣ ቢበዛ 2,500 ፓውንድ። ከዚያ በላይ መቶኛው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከ50,000 በላይ ሲሆን 15 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ላይ ግን ቫት 20 በመቶ ይጨመራል፤ ብዙ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ጋ ነው። የአንቺን ብናሰላው የ1,200 ሠላሳ በመቶ 360 ነው፣ ቫቱ 72፣ ድምሩ 432። ማለትም ሒሳቡ ራሱ ከጣሪያው አላለፈም። ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ፣ ግን «በዝቷል» የሚለውን መከራከሪያ ተይው፣ አያዋጣሽም።

የሚያዋጣሽ ሌላ ነው። ካሳው ከዕዳሽ ላይ ቢቀነስም አንቺ እንዳገኘሽው ይቆጠራል፣ ዕዳሽ ቀሏልና። ይሄ ያናድዳል ግን እንደዚያ ነው። ሆኖም ዕዳ እንዳለብሽ ካወቁ ወይም መጠርጠር ከነበረባቸው፣ «ገንዘቡ ከዕዳሽ ላይ ሊቀነስ ይችላል፣ የኛን ክፍያ ግን ከኪስሽ ትከፍያለሽ» የሚለውን ከመፈረምሽ በፊት በግልጽ ሊነግሩሽ ይገባ ነበር። ክፍያው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በምሳሌ ማሳየትም አለባቸው። ራስሽ ለአበዳሪው፣ ከዚያም በደንበኛና በገንዘብ ድርጅት መካከል ለሚዳኘው ለፋይናንሻል ኦምቡድስማን በነፃ ማመልከት እንደምትችዪም መንገር አለባቸው። በጣትሽ የፈረምሽበት ገጽ ላይ ይሄ ሁሉ ነበር? ወይስ አንድ ሳጥን ቲክ አድርገሽ አለፍሽ? ክርክርሽ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

የኔን ልንገርሽ፣ መንገዱ ስለሚገባሽ። ሚኒካብ ነው የምነዳው፤ የመኪና ኢንሹራንሱ አናቴ ላይ ሲወጣ አንድ ወለዱ ጣራ የነካ ብድር ወስጄ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ እንዳንቺው ስልክ ላይ ማስታወቂያ አይቼ ሞላሁ። ምንም የሰማሁት ነገር አልነበረም፣ ጭራሽ ረሳሁት። ጁን ላይ ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚያገለግል አንድ ወንድም «ራስህ ኢሜይል ጻፍላቸው፣ አቅምህን ሳያጣሩ ነው ያበደሩህ» አለኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጻፍኩ። በስድስት ሳምንት ውስጥ አበዳሪው 1,860 ፓውንድ እንከፍላለን አለ፣ ገባልኝም። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ላክሁላት። ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ያ የረሳሁት ድርጅት የ669 ፓውንድ ከ60 ኢንቮይስ ይዞ ከች አለ። እንዴት እንዳወቁ ራሱ ግራ ገባኝ።

መጀመሪያ ደውዬ ጮህኩባቸው። ምንም ጥቅም የለውም፤ ስልኩን የምታነሳዋ ልጅ ደሞዟ ለመሰደብ ነው እንጂ የምትወስነው ነገር የለም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቀዝቀዝ ብዬ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፤ የፈረምኩትን ውል ከነቀኑና ከነሰዓቱ ላኩልኝ፣ ለኔ የሠራችሁትን ሥራ በየቀኑ ዘርዝሩ፣ ክፍያውን እንዴት እንዳሰላችሁት አሳዩኝ። በተጨማሪም ስለኔ የያዛችሁትን መረጃ ሁሉ፣ የስልክ ቅጂም ካለ ጭምር፣ ስጡኝ አልኩ። ይሄኛው ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት ይባላል፣ ነፃ ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ከደንበኛ ጋር ያደረጉትን የስልክ ንግግርም መቅዳትና ቢያንስ ለ12 ወር ማስቀመጥ ግዴታቸው ነው። ስለዚህ «ቅጂ የለንም» ቢሉሽ ራሱ አንድ ነጥብ ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው፣ ይሄን ልብ በዪ። ለአበዳሪውም ጻፍኩለት። «ይሄ ድርጅት ስለኔ መጀመሪያ የጻፈላችሁ መቼ ነው?» አልኩት። መልሱ ሲመጣ ብቻዬን ኩሽና ቆሜ ሳቅሁ። የድርጅቱ ደብዳቤ የደረሳቸው አበዳሪው ለኔ እሺ ካለኝ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነበር። ያለቀ ሥራ ላይ ነው የመጡት። እግረ መንገዴንም ሳሰላው 30 በመቶ ነው ያስከፈሉኝ፤ 1,860 ግን 28 በመቶ የሚባለው ውስጥ ነው። ከነቫቱ 624 ፓውንድ ከ96 ነበር መሆን የነበረበት። ሒሳባቸው እንኳ ልክ አልነበረም።

ይሄን ሁሉ አያይዤ መደበኛ ቅሬታ አስገባሁ። «ቅሬታ» የሚለውን ቃል መጻፍሽን አትርሺ፣ ርዕሱ ላይ አድርጊው። ያኔ ቀጠሮው ይጀምራል፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ መስጠት አለባቸው። በአምስተኛው ሳምንት «በበጎ ፈቃድ ግማሹን እንቀንስልህ» አሉኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ከዳኝ። ባለቤቴ ናት «ምን ሠርተው ነው ግማሽ?» ያለችኝ። አልቀበልም አልኩና ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ጋ ወሰድኩት። ለኛ ነፃ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልግም፤ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አያፍሩብሽም። የመጨረሻ መልስ በደረሰሽ በስድስት ወር ውስጥ ግን መሄድ አለብሽ። የኔ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ መርማሪዋ ክፍያው አይገባም አለች፤ ድርጅቱም ተቀብሎ ሰረዘው፣ 75 ፓውንድም ላደረሱብኝ ጭንቀት ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ነዳጅ ሞላሁበት።

ሁሉም እንዲህ ያልቃል ብዬ ግን አልዋሽሽም። አንድ ጓደኛዬ ሞክሮ ተሸንፏል። እሱ ፈርሟል፣ ደውለው አስረድተውታል፣ ቅጂውም አለ፣ ድርጅቱ ደብዳቤውን ጽፏል፣ ካሳው የመጣው በነሱ ነው። «አላነበብኩትም» ብቻ ነበር መከራከሪያው። ኦምቡድስማኑ ክፈል አለው። በወር በወር ከፋፍሎ ለመክፈል ጠየቀ፣ ተስማሙ። ስለዚህ ሠርተው ከሆነና ነግረውሽ ከሆነ የምትጠይቂው መሰረዝ ሳይሆን ጊዜ ነው። ያም ቢሆን ዕዳ ላይ ያለሽ ሰው እንደሆንሽ፣ ከካሳው እጅሽ የገባ ሳንቲም እንደሌለ ገልጸሽ ጻፊላቸው፤ ከገቢሽና ወጪሽ ዝርዝር ጋር። ስቴፕቼንጅ የሚባለው የዕዳ ምክር የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ያንን ዝርዝር በነፃ ያዘጋጅልሻል። ነፃ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስም አለ፣ ስልኩ ቶሎ አይነሳም እንጂ።

አንድ ነገር ከመጻፍሽ በፊት አጣሪ። የድርጅቱን ስም ኤፍሲኤ መዝገብ ላይ ፈልጊው፣ ኢንቮይሱ ላይ ያለው የባንክ ሒሳብና ስልክ የነሱ መሆኑንም አረጋግጪ፤ ሐሰተኛ ኢንቮይስ የሚልኩ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል። ድርጅቱ ሶሊሲተር (የጠበቃ ቢሮ) ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንገዱ ይለያል፤ የሚቆጣጠረው የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ ኤስአርኤ ነው፣ ቅሬታሽም የሚሄደው ወደ ሊጋል ኦምቡድስማን ነው። ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ላይ የምታዪው ስምና ውሉ ላይ ያለው ስም አንድ አይደለም። ማስታወቂያውን የሚሠራው ደንበኛ አቅራቢ ነው፣ አንቺን ለሌላው ይሸጥሻል። ምናልባት «እኔ እነዚህን አላውቃቸውም» ያልሽው ለዚህ ይሆናል።

መቼ እንደፈረምሽም ተመልከቺ። ከፈረማችሁ 14 ቀን ያልሞላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ፣ ያለ ምንም ክፍያ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ዛሬውኑ በኢሜይል አድርጉት። ከ14 ቀን በኋላም መሰረዝ ይቻላል፣ ግን እስከዚያ ለሠሩት ሥራ ተመጣጣኝ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ዝርዝር ጠይቋቸው። ሹፌር ወንድሞቼ ደግሞ፣ የመኪና ፋይናንስ ኮሚሽን እያሉ አሁን የሚያሳድዷችሁን ተጠንቀቁ። ከጃንዋሪ 28፣ 2021 በፊት መኪና በፋይናንስ የገዛ ሰው ሻጩ ወለዱን ራሱ እያስተካከለ ኮሚሽን ይወስድበት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ያ አሠራር የተከለከለው በዚያ ቀን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኦገስት 2025 ላይ ስለ መኪና ፋይናንስ ኮሚሽን ውሳኔ ሰጥቷል። ኤፍሲኤ ራሱ ይሄን ለመጠየቅ እነዚህ ድርጅቶች አያስፈልጓችሁም ይላል። አንድ ኢሜይል ለመጻፍ 36 በመቶ፣ ከነቫቱ ማለቴ ነው፣ ለማን ነው የምትሰጡት?

የካሳው ወረቀት ላይ ወለድ ካለ ደግሞ ታክስ ተቆርጦበት ሊሆን ይችላል። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ አር40 በሚባለው ቅጽ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከኤችኤምአርሲ በነፃ ታስመልሺዋለሽ። «እሱንም እናስመልስልሽ» የሚል ሌላ ድርጅት መደወሉ አይቀርም፣ ሳቂበትና ዝጊው።

አሁን አንቺ ዛሬ የምታደርጊው ይሄን ነው። ድርጅቱን «ክፍያውን እከራከራለሁ፣ ይሄ መደበኛ ቅሬታ ነው፣ ውሉንና የሥራውን ዝርዝር ላኩ፣ ካሳው ከዕዳዬ ላይ ከተቀነሰ ከኪሴ እንደምከፍል መቼና እንዴት እንደነገራችሁኝ አሳዩ፣ ቅሬታዬ እስኪያልቅ ለዕዳ ሰብሳቢ አትስጡ» በዪ። በኢሜይል፣ በስልክ አይደለም። ለአበዳሪሽም ያቺን የቀን ጥያቄ ላኪ።

አንድ የምጠይቅሽ አለኝ፤ የደረሰሽ ወረቀት ተራ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ «ሌተር ኦፍ ክሌም» (ከክስ በፊት የሚላክ ደብዳቤ) ይላል? የሁለተኛው ከሆነ ለመመለስ 30 ቀን አለሽ፣ አብሮት የመጣውን ቅጽ ሞልተሽ «ዕዳውን እከራከራለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ከሆነ ደግሞ ጊዜሽ 14 ቀን ነው፤ እንደደረሰሽ በቅጹ ወይም በኢንተርኔት ካሳወቅሻቸው ወደ 28 ይራዘማል። ስምሽንና ቁጥሩን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።