ልጁ ፊደል አልያዝ ሲለውስ? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሰላም ወገኖች! ባሕር ዳር የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ሒሳብ ስለሚያስቸግራቸው ልጆች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሽምብጥ ነው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። የነገሩትን አይረሳም፣ ሱቅ ሲላክ መልስ አያዛባም። መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ላብ ያጠምቀዋል። ስንፍና ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍ ልጅ ላብ አያጠምቀውም። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። እነሱ ደህና ከሆኑ፣ ትምህርትም ካልተቋረጠበት፣ የመማር እክል ሊሆን ይችላል። ንባብ ላይ ሲሆን ዲስሌክሲያ ይባላል። ሳላየው ግን ነው ብዬ አልፈርድም። «የመማር እክል» የሚለውን ስያሜ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሳሙኤል ከርክ ነው። ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ይለያል። ልጅሽን እባክሽ ደደብ አታስብዪው።

ጥያቄ፦ ዘጌ አስተምራለሁ። ክፍሌ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኮሌጅ የተማርነው ንድፈ ሐሳብ ብዙ ነው፤ የቱን ልያዝ?

መልስ፦ መምህር፣ እኔ ሁለቱን እይዛለሁ። አንዱ የሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የቪጎትስኪ ነው፦ ልጁ ብቻውን የማይችለውን፣ ትንሽ ሲደገፍ ግን የሚችለውን ማስተማር፤ ከዚያ ድጋፉን ቀስ እያሉ መቀነስ። ሁለተኛው አሜሪካዊው ሐኪም ኦርተንና መምህርቷ ጊሊንግሃም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት ነው፦ ድምፅንና ፊደልን በግልጽ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በዓይን በጆሮና በእጅ አንድ ላይ ማስተማር።

በእኛ ፊደል እንየው። ልጁ «በ ቡ ቢ ባ» ብሎ ያዜማል። መሐል ላይ «ቢ»ን አሳየኝ ስትለው ከ«በ» ጀምሮ ይቆጥራል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም። ስለዚህ መደዳውን ተወውና ቡንና ቢን ብቻ አምጣ። የቡ ቅጥያ ከቀኝ እግሩ መሐል፣ የቢ ደግሞ ከእግሩ ሥር መሆኗን አሳየው። ድምፁን እያወጣ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፍ። ከዚያ አደባልቀህ ጠይቀው። ሳይቆጥር ሲመልስ ወደ ሌላው እለፍ።

ሌላም አለ። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» ያልነው? ጎበዝ አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል። ተንተባትቦ የሚያነብ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ለእሱ አንተ ቀድመህ አንብብለት፣ ከዚያ አብራችሁ፣ ከዚያ ብቻውን።

ጊዜውን ከየት ላምጣ ትለኝ ይሆናል። ሌሎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ አራት አምስቱን ሰብስብና ዐሥር ደቂቃ ሥራ። ግን በየቀኑ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ «በማየት የሚማር ዓይነት ነው» ተባልኩ። በሥዕል ብቻ ላስተምረው?

መልስ፦ አይሆንም። በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን የፈተሹ ተመራማሪዎች ለዚህ አካሄድ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለሁሉም ልጅ ሁሉንም መንገድ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲሸጥ መልስ አይሳሳትም። ደብተሩ ላይ 12 ሲደመር 9 ግን ያቅተዋል። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ መቁጠሩን ይችላል፤ የከበደው ምልክቱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ብሩነር ያስተማረን መንገድ ይሠራል። መጀመሪያ በጠጠር ይደምር፦ ዐሥር ዐሥሩን ባንድ ወገን ይከምር፣ የተረፈውን ለብቻ ያድርግ። ቀጥሎ ጠጠሩን በክብ ይሳል። ቁጥሩን መጨረሻ ላይ ይጻፍ። ብዙ መምህራን ሥዕሉን ይዘሉታል፤ ልጁም እዚያው ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ልጄ ማንበብ አቅቷታል። ጠበል ልውሰዳት ወይስ ክፍል ትድገም?

መልስ፦ ጠበሉን በእምነትሽ ውሰጃት፤ ትምህርቷ ግን አይቋረጥ። ክፍል መድገሙን ግን አልመክርሽም። በዚያው አካሄድ ከተማረች ዓመቱ ብቻ ነው የሚባክነው። ይልቅ ከመምህሯ ጋር ቁጭ በይ። ፈተና ላይ ጥያቄው ይነበብላት፣ ጊዜ ይጨመርላት፣ ሳይንሱንና ግብረ ገቡን በቃሏ ትመልስ። በየሳምንቱም የትኞቹን ፊደላት እንደያዘች በደብተር ይመዝገብ።