ማይኩ ከመሰካቱ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ሆም ቴአትር አምፕ (የድምፅ ማጉያው) ከጻፍኩ በኋላ ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ አንድ ነገር ነው፤ አምፑ በማይክ ክፍሉን ለክቶ ድምፁን በራሱ ስለሚያስተካክልበት አሠራር። ዴኖንና ማራንትዝ የሚባሉት አምፖች ላይ ኦዲሲ ይባላል፣ ያማሃ የራሱ አለው፣ ዲራክ የተጫነባቸውም አሉ። ስሙ ይለያይ እንጂ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። አምፑ ከየስፒከሩ የሙከራ ድምፅ ይለቃል፣ በማይኩ ይሰማዋል፣ ከዚያ የስፒከሩን ርቀት፣ የድምፁን መጠን፣ የቤዝና የትሪብሉን (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ) ሚዛን ይወስናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ ይዤ መልሻለሁ።

አንድ የኮምቦልቻ ወጣት፣ ማይኩን በእጄ ይዤ ብለካ ምን ችግር አለው ይላል።

ችግር አለው። እጅህም ደረትህም ድምፅ ይመልሳሉ፣ ልብስህ ይንኮሻኮሻል። የካሜራ ማቆሚያ ተዋስና በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ አቁመው፤ አንተ ከክፍሉ ውጣ።

ደሴ ሆጤ አካባቢ አዲስ ቤት የሠራ አንባቢ ረጅም ደብዳቤ ጽፏል። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ቴሌቪዥኑ በአንዱ ረጅም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የአባቱ ሶፋ ፊት ለፊቱ፣ በሌላኛው ረጅም ግድግዳ ልክ መሃል ላይ ነው። ሰብዉፈሩን፣ ማለትም ቤዙን ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር፣ ቡፌው አጠገብ ያስቀመጠው ክፍት ቦታ የነበረው እዚያ ስለሆነ ነው። ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቴም አባቱ «ከታች ያለው ድምፅ የለም» አሉ። በሩ ጥግ የቆመ ሰው ግን ደረቱ ይርዳል። አምፑ ተበላሽቶ ይሆን?

አብሽር፣ አምፕህ ደህና ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። የ40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ) ቤዝ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ከሳሎንህ ይረዝማል። እንዲህ ያለው ሞገድ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፤ አንዳንድ ቦታ ተደራርቦ ይገዝፋል፣ አንዳንድ ቦታ ይጣፋል። በ5 ሜትሩ አቅጣጫ ይህ ጎልቶ የሚታየው 34 ኸርዝ አካባቢ፣ በ4 ሜትሩ ደግሞ 43 አካባቢ ነው። የ34ቱ ድምፅ የሚጠፋው ልክ በክፍሉ ርዝመት መሃል ነው፤ አባትህ የተቀመጡትም እዚያው ላይ ነው። ጀርባቸው ግድግዳውን ስለነካ ደግሞ 43ቱ ይበዛባቸዋል። በሩ ጥግ ላይ ሁለቱም ስለሚገዝፉ ነው እዚያ የቆመ ሰው የሚርደው።

ማይኩ ይህን ሁሉ ይሰማል። የበዛውን 43 አይቶ ይቀንሰዋል፤ በዚህ ሥራው አምነዋለሁ፣ በጆሮ ከሚደረገው በጣም ይሻላል። የጠፋውን 34 ግን ሊመልሰው አይችልም። አምፑ ኃይል ሲጨምር የሚሄደውም የሚመለሰውም ሞገድ እኩል ያድጋሉ፣ እዚያው ቦታ ላይም ይጣፋሉ። 10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለመጨመር አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ዋት ሰብዉፈሩን ያስጨንቀዋል እንጂ አባትህ ጋ አይደርስም። አራተኛና አምስተኛ ልኬት ምንም አይለውጥልህም። የሚለወጠው ቦታው ነው።

መጀመሪያ ሶፋውን ከመሃል ወደ አንድ ጎን 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር አንቀሳቅሰው፤ ከግድግዳውም ሁለት ስንዝር ያህል አርቀው። አባት ቦታቸው ሲነካ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ለአንድ ምሽት ብቻ ፈቃድ ጠይቃቸውና ሰምተው ይፍረዱ።

ቀጥሎ የሰብዉፈሩን ቦታ ፈልግ። ሰብዉፈሩን አንስተህ ራሱ አባትህ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጠው። ከታች እስከ ላይ የተለያየ ቤዝ ያለበትን ነገር ክፈትና አንተ በግድግዳው ዳር ዳር ተንበርክከህ፣ ጆሮህን ከወለሉ አስጠግተህ ዙር። አንዱ ጋ ያጓራል፣ አንዱ ጋ ባዶ ይሆናል፣ አንዱ ጋ እያንዳንዱ ምት እኩል ይሰማል። እኩል የሚሰማበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርግና ሰብዉፈሩን እዚያ አኑረው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቢስቅብህም አታቋርጠው፤ ይህን የምመክረው ከየትኛውም ውድ ኬብል በፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻ ማይኩን ሰካ። እዚህ ላይ የኛ ሳሎን የራሱ ጣጣ አለው። ሶፋ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ስለምንደረድር ብዙ ሰው ማይኩን በየሶፋው እያዞረ ይለካል። አምፑ የሁሉንም አማካይ ይሠራና ማንም የማይደሰትበት ድምፅ ይወጣል። የመጀመሪያው የማይክ ቦታ የስፒከሮቹን ርቀትና መጠን የሚወስነው ነው፤ እሱ የዋናው ሰው ጭንቅላት የሚያርፍበት ይሁን። የቀሩትን በዚያ ዙሪያ ከግማሽ ሜትር ብዙም ሳትርቅ ለካ። ማይኩን ከሶፋው መደገፊያ ጋር አታጣብቀው፤ ቆዳ ከሆነ በተለይ ትሪብሉን ይመልሳል። በዳር ሶፋ የሚቀመጥ እንግዳ ትንሽ ይጎድልበታል፤ ይጉደልበት።

እናትህ ወፍራም ምንጣፍ ቢነጠፍ ይሻላል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ለትሪብሉ። ሴራሚኩ ላይ የሚጮኸውን የንግግር ድምፅ በደንብ ያለሰልሰዋል። የ8 ሜትር ሞገድ ግን የአንድ ሳንቲ ሜትር ምንጣፍ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ሲያልቅ በፊልም ፍንዳታ አትፍረድ፤ ፍንዳታ ሁሉ ደስ ይላል። በደንብ የምታውቀውን መንዙማ ክፈትና ድቤውን ስማ። እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መጥቶ ከቆመ ተሳክቶልሃል፤ አንዱ ምት ከሌላው ጋር ተያይዞ የሚጎተት ከሆነ ሰብዉፈሩ ገና ቦታውን አላገኘም።

በአንድ ካርቶን የተሸጠ ሆም ቴአትር ገዛሁ፣ ማይኩን አጣሁት።

አብዛኞቹ ማይክ የላቸውም። ስፒከሮቹን በጆሮ ከፍታ አስቀምጡ፤ ርቀታቸውን በሜትር ለክታችሁ በሪሞቱ አስገቡ።

ፒያሳ ሱቅ ያለው ወንድማችን ሁለት ነገር አሳስቦታል። ሰብዉፈሩ 3 ሜትር ርቆ ሳለ አምፑ «5 ሜትር» ብሎ መዘገበ። የድምፁን መጠን ደግሞ −12 ዴሲቤል ላይ አስቀመጠው።

ርቀቱን አትንካው። ሰብዉፈሩ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ድምፁን በሚሊ ሰከንዶች ያዘገየዋል፤ አምፑ የሚመዘግበው ድምፁ ማይኩ ጋ የደረሰበትን ጊዜ እንጂ የሜትር ልክ አይደለም። 3 ብለህ ብታርመው ከፊት ስፒከሮች ጋር ያለውን ቅንጅት ታፈርሳለህ። −12ቱ ግን ይታረማል። ያ ቁጥር በብዙ አምፖች ላይ የመጨረሻው ወለል ነው፤ ሰብዉፈሩ ከኋላ በጣም ተከፍቶ ስለነበር አምፑ ከዚያ በታች መውረድ አልቻለም ማለት ነው። የሰብዉፈሩን የድምፅ ቁልፍ ቀንሰህ እንደገና ለካ፤ ከ−6 እስከ +3 መሃል ካረፈ ጥሩ ነው። እግረ መንገድህን የሰብዉፈሩን ክሮስኦቨር ቁልፍ (ቤዙ ከየት በታች ለሰብዉፈሩ እንደሚሰጥ የሚለየውን) እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ቤዙን የሚከፋፍለው አምፑ ብቻ ይሁን።

ከኮምቦልቻ የጻፉልን እኅት ወንድማቸው ከአሜሪካ አምፕ ልኮላቸዋል። ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ለአፍታ በርቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተና ጠፋ። አሁን ስታቢላይዘር ገዝተው ደግመው ሊሞክሩ ነው።

እባክዎ አይሞክሩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የኛ መብራት 220 ነው። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን 220 ያረጋጋል እንጂ ወደ 120 አያወርደውም። አሁኑኑ ከግድግዳው ይንቀሉትና ክዳኑንም አይክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ፊውዝ ብቻ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ የኃይል ክፍሉ በሙሉም ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሥራውን የሚያውቅ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው፤ ፊውዙን በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው ካጋጠመዎ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

ከተጠገነ ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። አምፑ ከኋላው የሚጽፈውን ዋት ይዩና ትራንስፎርመሩ እጥፉን የሚችል ይሁን። ኸርዙንም ይዩ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የኛ 50 ነው፤ አምፑ ላይ 60 ብቻ ከተጻፈ ባለሙያው አይቶ ይወስን። በዚሁ አጋጣሚ የቤትዎን ኤርዝ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይመልከተው። ሰብዉፈር «ሁምም» ሲል የሶኬቱን የኤርዝ እግር ቆርጦ ዝም የሚያሰኝ ልማድ አለ። በዚህ መንገድ ዝም ያለ ሰብዉፈር አንድ ቀን የብረት አካሉን የነካ ልጅ ሊገድል ይችላል። ከዚህ ጉዳይ ሁሉ በፊት ባለሙያ ጋ ይሂዱ፤ ይህን ሳያደርጉ ሌላ ምንም ምክሬን አይከተሉ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተዛወረ መምህር፣ ከፍታው ስለተቀየረ እንደገና መለካት አለብኝ ወይ ይላል።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ናቸው፤ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት የወጣ ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል። ነገር ግን የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ግፊቱ አይደለም። አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ብንወርድ ከ346 ወደ 340፣ ማለትም ሁለት በመቶ የማይሞላ ልዩነት ነው፤ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ጆሮ አይለየውም። ግን አዎ፣ እንደገና ለካ። የተቀየረው ክፍሉ ነው።

ስፒከሮቼ ትልልቅ ናቸው፤ አምፑም «ላርጅ» ብሎ መዘገባቸው። ልተወው?

አይተዉት። ወደ «ስሞል» (ትንሽ) ይቀይሩትና ክሮስኦቨሩን 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። ከዚያ በታች ያለውን ከባድ ሥራ ለዚያው የተሠራው ሰብዉፈር ይወጣው፤ አምፑም ለንግግርና ለዜማ ትርፍ ጉልበት ያገኛል። በምናሌው ላይ የተጻፈው «ትንሽ» የሚለው ስም የስፒከርዎን ክብር አይነካም።

የሰብዉፈሬ ወረቀት ተቀዷል፣ ልኬት ያስተካክለዋል?

አያስተካክለውም። ጠጋኝ ጋ ውሰደው።

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖሩ እናት፣ በክረምት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ልጃቸው ልለካ ይላል።

ይቆይ። ዝናቡ ለማይኩ ያው ድምፅ ነው፤ አምፑ የክፍሉ ነው ብሎ ሊያርመው ይሞክራል፤ ወይም ጫጫታ በዛ ብሎ ያቋርጣል። ከአዛንም ከቅዳሴም ውጭ ያለ ጸጥ ያለ ሰዓት ይምረጥ፤ ፍሪጁንም ለዚያች ሩብ ሰዓት ይንቀለው፣ ሲጨርስ መልሶ መሰካቱን ግን ይዩለት። የሙከራው ድምፅ ጮክ ያለ ነውና ሕፃን ካለ ወደ ሌላ ቤት ይውሰዱት። ኮርኒሱ ሲንቀጠቀጥ ከተሰማችሁ ልኬቱን አቁማችሁ የላላውን የኮርኒስ እንጨት በምስማር ምቱ፤ የሚንቀጠቀጥ ኮርኒስን የትኛውም አምፕ አያስተካክልም።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ ጎረቤቱ ስለ ቤዙ ሁለት ጊዜ አንኳኩተውበታል። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ልለጥፍ ወይ ይላል።

ስፖንጁ ክፍልህ ውስጥ ያለውን ትሪብል ይቀንሳል፤ ቤዙ ግን አልፎት ጎረቤትህ ጋ ይሄዳል። የምትችለው ይህ ነው። ከማታው 3 ሰዓት በኋላ ሰብዉፈሩን በሪሞት 5 ወይም 6 ዴሲቤል ቀንስ። ኦዲሲ ካለህ «ዳይናሚክ ኢኪው» የሚባለውን ማታ ማታ አጥፋው፤ ድምፅ ስትቀንስ ቤዙን መልሶ የሚያነሳው እሱ ነው። «ዳይናሚክ ቮልዩም» የሚለውን ግን፣ አምፕህ ብቻውን እንዲበራ ከፈቀደ፣ አብራው፤ የፍንዳታውንና የሹክሹክታውን ርቀት ያጠባል። ሰብዉፈሩን ወፍራም ጎማ ላይ አስቀምጠው፤ ወደ ወለሉ የሚያልፈውን መንቀጥቀጥ በመጠኑ ይይዛል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙን ከፍተህ፣ ጎረቤትህን አስፈቅደህ እሳቸው ሳሎን ግባ። ቡና ካቀረቡልህ ጠጣ፣ ከግድግዳው ማዶ የሚመጣውን አብራችሁ ስሙ። እሳቸው «ይህ አይከብደኝም» የሚሉበትን ቁጥር ወንድምህ በሪሞት እየቀነሰ ያግኘው። የአምፑ ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን ድምፅ የሚገድብ መስመር አለ፤ ያንን ቁጥር እዚያ ጻፈው።