ካይሮ፣ ኤኑጉ፣ ኳንግጁ፦ ምን አንብቤ ልሂድ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለአራት ቀን ካይሮ እሄዳለሁ። ፒራሚዱን አስጎብኚው ያሳየኛል፤ እኔ የምፈልገው ወደ ሰዉ ኑሮ የሚያስገባኝና ልብ የሚነካ መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ግን ቶሎ ይደክመኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ናጊብ ማህፉዝን ይያዙ። የ1988ቱ የኖቤል ተሸላሚ በ1956 እና በ1957 ካሳተማቸው ሦስት ተከታታይ ልቦለዶች የመጀመሪያው ይበቃዎታል (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የዐረብኛ ርዕሱ «ቤይን አል-ቀስረይን» ሲሆን በእንግሊዝኛ «ፓላስ ዎክ» ተብሎ ይሸጣል። ሦስቱም ልቦለዶች ስማቸውን ያገኙት ከድሮው ካይሮ መንገዶች ነው። ማህፉዝም የተወለደው እዚያው ገማሊያ ሰፈር ነው።

ታሪኩ ከ1917 እስከ 1919 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ነጋዴው አሕመድ ዐብድ አል-ጀዋድ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ሳቂታና ዘፋኝ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ልጆቹ ቀና ብለው አያዩትም። ሚስቱ አሚና እሱን ለመጠበቅ እኩለ ሌሊት ላይ ትነሳለች፤ ከተማዋን የምታየው በመስኮቱ የእንጨት ፍርግርግ በኩል ብቻ ነው። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ቡና፣ ዳቦ ማቡካት፣ የልጆች ጭቅጭቅ ናቸው፤ ምንም የሚሆን አይመስልም። ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ አንባቢውም ከአሚና ጋር ቤት ይዘጋበታል። ባሏ ወደ ፖርት ሰዒድ በሄደበት ቀን ልጆቿ ገፋፍተዋት ወደ አል-ሑሴን መስጊድ ስትወጣ፣ ያ ሁሉ ገጽ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዎታል። የሚደርስባትን አንነግርዎትም፤ እዚያ ሳይደርሱ ግን መጽሐፉን አይዝጉት።

መጽሐፉ ወደ 500 ገጽ ይጠጋል። በቀን 20 ገጽ ቢያነቡ አንድ ወር አይሞላም፤ ስለዚህ አውሮፕላን ላይ ለመጀመር አያስቡ። ጊዜ ካጠረዎት የዚሁ ደራሲ «ሌባውና ውሾቹ» (1961) 150 ገጽ አካባቢ ነው፤ አንድ ከእስር የወጣ ሰው በቀልን ሲያሳድድ ያሳያል፣ ዓረፍተ ነገሩም አጫጭር ነው። የቤተሰቡን ሙቀት ግን አያገኙበትም።

ካይሮ ሲደርሱ ባብ አል-ሻዕሪያ ሜትሮ ጣቢያ ይውረዱና በእግር ወደ ባብ አል-ፉቱሕ በር ይሂዱ። ከዚያ የአል-ሙዒዝን መንገድ ይዘው ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ የሱልጣን ቀላውን ሕንፃዎች ያሉበት ቦታ ራሱ ቤይን አል-ቀስረይን ነው። ጥቂት አልፈው ወደ ግራ ሲታጠፉ የአል-ሑሴን መስጊድ አደባባይን ያገኛሉ። ለአሚና የዕድሜ ልክ ምኞት የነበረው መንገድ በእግር የደቂቃዎች ጉዳይ መሆኑን ሲያዩ፣ የትኛውም ሐተታ የማይሰጥዎትን ያገኛሉ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ ስለሚጨናነቅ ሌላ ቀን ይምረጡ። በአል-አዝሀር አቅራቢያ ደግሞ በ2019 የተከፈተ የማህፉዝ ሙዚየም አለ።

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ናይጄሪያ፣ ኤኑጉ ልሄድ ነው። ስለ ቢያፍራ ጦርነት መጽሐፍ ካለ ብትነግሩኝ። የሥራ ባልደረቦቼንስ ስለ ጦርነቱ ብጠይቃቸው ነውር ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼ በ2006 ያሳተመችው «ሃፍ ኦፍ ኤ የሎው ሰን» ለዚህ የተጻፈ ያህል ነው። ርዕሱ የመጣው በቢያፍራ ባንዲራ ላይ ከነበረችው ግማሽ ፀሐይ ነው። የኢግቦ ሕዝብ የሚበዛባት ቢያፍራ ከናይጄሪያ በመገንጠሏ የተነሳው ጦርነት ከ1967 እስከ 1970 የቆየ ሲሆን፣ ከጥይት ይልቅ በእገዳው ምክንያት የመጣው ረሃብ ብዙ ሕፃናትን ፈጅቷል። ሁለቱም የደራሲዋ ወንድ አያቶች በጦርነቱ ሞተዋል።

አንድ ነገር ቀድመው ይወቁ። መጽሐፉ አራት ክፍል አለው፤ ከስድሳዎቹ መጀመሪያ ወደ ስድሳዎቹ መጨረሻ ይዘልና በሦስተኛው ክፍል ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ይህን ያላስተዋለ አንባቢ «ጦርነቱ የት ገባ?» ብሎ ግራ ይጋባል። በሁለተኛው ክፍል መንትዮቹ እህትማማቾች ለምን እንደተኳረፉ፣ ሕፃኗስ የማን ልጅ እንደሆነች ካልገባዎት ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ መልሱ ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። በባቡሩ ውስጥ አንዲት እናት በቅል የያዘችውን የምታሳይበት ቦታ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው፤ ከመኝታ በፊት ባይሆን ይመረጣል።

ጥያቄውን በተመለከተ፣ «ጦርነቱን እንዴት አያችሁት?» ብለው አይጀምሩ። መጽሐፉን ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ማውራት የፈለገ ራሱ ያነሳዋል። ኢግቦ ያልሆነ ናይጄሪያዊ ታሪኩን በሌላ መንገድ ሊነግርዎት ስለሚችል ሰው በተሰበሰበበት አያከራክሩ። ሜይ 30 ቢያፍራ ነፃነቷን ያወጀችበት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን በአካባቢው ሱቅና ትራንስፖርት ሊዘጋ ስለሚችል ቀጠሮ አይያዙበት። የልቦለዱ መምህራን የሚኖሩባት የንሱካ ዩኒቨርሲቲ ከኤኑጉ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ታስኬዳለች፤ ከአገሬው ሰው ጋር በቀን ደርሰው መመለስ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ኮሪያን ለማየት እየተዘጋጀሁ ነው። ከጦርነት ታሪክ ባሻገር ሕዝቡን የሚያስረዳኝ አንድ ልቦለድ ምረጡልኝ። (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ የሃን ካንግ «ሂውማን አክትስ»። ስለ አያትዎ ጦርነት አይደለም፤ በሜይ 1980 ወታደሩ በኳንግጁ ከተማ በሰልፈኞች ላይ ስላደረሰው ግድያ ነው። ዛሬ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ኮሪያውያን ያን ጊዜ ወጣቶች ነበሩና፣ በዕድሜ ከገፉት ሰዎች ዝምታ ጀርባ ያለውን ይነግርዎታል። ደራሲዋ በ2024 ኖቤል ተሸልማለች።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ ግን ቀላል አይደለም። ዶንግ-ሆ የሚባል ተማሪ የጓደኛውን አስከሬን ሲፈልግ፣ የሌሎችን ሬሳ እየመዘገበ ይቀራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ «አንተ» እያለ ይናገራል፤ ሁለተኛውን የምትናገረው የሟች ነፍስ ናት። ከዚያ በ1985፣ በ1990፣ በ2002 እያለ ወደፊት ይሄዳል። የየምዕራፉን ተናጋሪና ዓመት በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ አይጠፉም።

ከሴኡል ዮንግሳን ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ኳንግጁ ያደርሳል። ወደ ብሔራዊው መካነ መቃብር የሚወስደው የከተማ አውቶቡስ ቁጥሩ 518 ነው፤ ሜይ 18ን ለማስታወስ። የዶንግ-ሆን እናት ምዕራፍ (2010) ከዚያ ሲመለሱ እንጂ ከመሄድዎ በፊት አያንብቡት። ለአያትዎ ደግሞ ቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቀን አይደርቡ፤ አቅጣጫቸው የተለያየ ነው።