ወተት በጉንጬ

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ የእህል ዘር ስመረምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ማታ ማታ ልጄ በሰጠችኝ ስልክ ማንበብ ልማዴ ሆኗል። እናንተም ታነባላችሁ። አጠገባችሁ ስቀመጥ አያችኋለሁ፤ አንድ ነገር ታገኙና «ይገርማል!» ትላላችሁ፣ ለጓደኛ ትልካላችሁ፣ ወዲያው ጣታችሁ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያች «ይገርማል» ስለምትሉባት ሰዓት ነው። ነገሩ እዚያው ሲቀር ያሳዝነኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነውና።

ባለፈው ክረምት ስለ ማሽላ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ ጥናት ላይ ደረስኩ። አሜሪካ ውስጥ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ሲንግ እና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነቶች መካከል ውስጡ ጠንካራ ሳይሆን ዱቄታማ የሆነ ፍሬ ይፈልጋሉ። 62 አገኙ። እነዚያን በላቦራቶሪ ሲመረምሩ፣ በላይሲን ብልጫቸው የሚያስገርሙ ሁለት ብቻ ሆኑ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ዘሮች ነበሩ፤ መገኛቸውም ወሎ።

ላይሲን ሰውነታችን ራሱ መሥራት የማይችለው፣ የግድ ከምግብ የሚያገኘው የፕሮቲን ክፍል ነው። ተራው ማሽላ በዚህ በኩል ድሃ ነው። ሌላ ሳይቀላቀልለት ማሽላ ብቻ የሚመገብ ሕፃን ሆዱ እየሞላም እድገቱ ሊጎተት ይችላል። እነዚህን ሁለት ዘሮች የተቀለቡ የላቦራቶሪ አይጦች ግን ተራውን ማሽላ ከበሉት ይልቅ በእጅጉ ክብደት ጨመሩ።

እዚህ ላይ ቆሜ «የአገሬ ማሽላ ዓለምን አስደነቀ» ብዬ ለልጆቼ ልኬ መተኛት እችል ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ገበሬው ራሱ ይህን ማሽላ ምን ይለው ነበር? ሌሊቱን ስፈልግ ቆየሁና በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ስሙን አገኘሁት። «ወተት በጉንጬ» ይላል።

ስልኩን አስቀምጬ ዝም አልኩ።

እኔ ያደግሁት ወሎ ቆላ ነው። ማሽላው ሲያፈራ እኛ ልጆች ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቃለን። አያቴ ማሳው መሃል እየዞረች የማሽላውን ራስ ወደ ታች ትስበውና አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትጫናለች። ነጭ ወተት ከወጣ ትቆርጠዋለች። ፍም ላይ ታገላብጠዋለች፣ ገና እያቃጠላት በመዳፏ ታሸዋለች፣ ገለባውን እፍ ብላ ፍሬውን በእጃችን ትዘግንልናለች። እንዲያ ያለ ጣዕም ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። እንደዚያ ዓይነቱ ተክል በማሳው ውስጥ ብዙ አልነበረም፤ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እዚህም እዚያም ይታያል። ለምን በብዛት እንደማይዘራ ስጠይቃት «ጎተራ አይሞላም፤ እሱ የልጅ ነው» ትለኝ ነበር።

ጥናቱም ይህንኑ ነው የሚለው። ፍሬው ሲደርቅ ጭምድድ ስለሚል ምርቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ገበሬው ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ይዘራና እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል። አያቴ ላይሲን የሚባል ነገር ታውቅ ነበር ማለቴ አይደለም። «አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር» የሚሉ ጽሑፎችን አልወዳቸውም፤ ያወቁትን በትክክል ከመናገር ያሰንፋሉ። አያቴ የምታውቀው ጣዕሙን፣ ለልጅ መስማማቱን፣ ጎተራ አለመሙላቱን ነው። ያም እውቀት ነው፤ በስሙ ላይ ተጽፎ ቆይቷል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ዘሮችን በተሰጣቸው ቁጥር ስጠራ ኖርኩ፤ የገበሬውን ስም ግን መዝገቡ ዳር ላይ አይቼ አልፈው ነበር። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

ክሩን መሳብ ቀጠልኩ። አክስቴል የሚለውን ስም ስከታተል ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ዘንድ ደረስኩ። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ወሎንኮሚ ተወልዶ ያደገ፣ በአክስቴል ሥር ፐርዱ የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበለ ሰው ነው። ካሸለሙት ሥራዎቹ አንዱ ከአቀንጭራ ጋር የተያያዘ ነው። አቀንጭራን የቆላ ሰው ያውቀዋል፤ አበባው ያምራል፣ የማሽላውን ሥር ግን ይመጠምጠዋል። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ገቢሳና ባልደረቦቹ ይህን ንጥረ ነገር እምብዛም የማያመነጩ ማሽላዎችን ለዩ፤ ጥገኛው ሳይነቃ ይቀራል ማለት ነው። አስቡት፤ ከአንድ የእሸት ስም ተነስቼ በሁለት ሌሊት እዚህ ደረስኩ።

ስለ አንድ አደጋ ግን ላስጠንቅቃችሁ። በዚያው ሰሞን ስለ እንዶድ አነብ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ሥራው ሁሉ ከዚያች እይታ ተነሣ። ቀንድ አውጣውን ከሚገድሉት የእንዶድ ንጥረ ነገሮች አንዱ ዛሬ በእሱ ስም «ለማቶክሲን» ተብሎ ይጠራል። ታዲያ ከዘመዶቻችን አንዷ በቴሌግራም የደረሳትን አምና እንዶድ አፍልታ ልትጠጣ ስትል ደረስንባት። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር መሆኑን ያነበበ ሰው እንዲህ ያለውን መልእክት ለማንም አይልክም። እውነተኛውም ሐሰተኛውም ስልካችሁ ላይ እኩል ያበራሉ፤ ልዩነቱ ወደ ኋላ ስትከተሉት ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ሲከተሉት ሰው አለበት፣ ቦታ አለበት፣ ዓመት አለበት፤ ማን አየው፣ በምን ሞከረው ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው «ሐኪሞች የደበቁት» ከማለት አያልፍም።

ሌላው የምለምናችሁ ጠይቁ ነው። አያት ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። የእህሉን፣ የዛፉን፣ የበሽታውን ስም በአገሩ ቃል ጠይቁና በደብተር ጻፉት፤ ከነምክንያቱ። እኔ ስጠይቅ አያቴ አልነበረችም።

ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ አሁንም እዚያው ነው የሚያርሰው። «ወተት በጉንጬ አለ ወይ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ለልጆቹ ጥቂት አላጣም» አለ። በኅዳር ሰው ሲመጣ በጨርቅ ቋጥሮ አንድ እፍኝ ላከልኝ። ጭምድድ ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች ናቸው። መነጽሬን አድርጌ አንዷን በምላጭ ለሁለት ከፈልኳት፤ ከጎኗ ከገበያ የገዛሁትን ማሽላ እንዲሁ ቆረጥኩ። የገበያው ዳር ዳሩ እንደ መስታወት ያበራል። የእሷ ውስጥ እስከ ጫፉ ድረስ እንደ ኖራ ነጭ ነው።